ጠመኔ ያልነካው ጋዋን

መምህር የነበርኩበትን አገር ስም ለጊዜው ተዉት። ስሙን ብነግራችሁ አንዳንዶቻችሁ እዚያ ዘመድ አለን ትሉና ወሬው ይበላሻል። ከተማዋ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ወፍጮ ቤትና አንድ የገጽታ ሹም ነበራት፤ ከሦስቱ የሚፈራው ሹሙ ነበር። እኔ ጓንጉል እባላለሁ፤ ሒሳብ አስተምር ነበር። የማወራችሁን አብዛኛውን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ ጥቂቱን ደግሞ በመስኮት ቀዳዳ ነው ያየሁት፤ እሱንም እደርስበታለሁ።

በዚያ አገር መምህር ሁሉ ጥቁር ጋዋን ይለብሳል። ጥቁር የሆነው ጠመኔ ሲያርፍበት ቁልጭ ብሎ እንዲታይ ነው። ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ትልቅ ሰው ሠርግ ላይ እጅጌው ነጭ የሆነ መምህር አይተው፣ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ መስሏቸው "የእኛ እህል ተፈጨ ወይ?" ብለው ጠየቁት ይባላል። በዚያው ሳምንት መምህር ወፍጮ ቤት የዋለ እንዳይመስል የሚል ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የመጨረሻው ደወል ሲደወል መምህራኑ ሁሉ በሩ ላይ ይሰለፋሉ፤ የገጽታ ሹሙም በአጉሊ መነጽር ጋዋን በጋዋን እየመረመረ የጠመኔውን ብናኝ ይቆጥራል። ቁጥሩ ጮክ ተብሎ ይነገራል። ከአጥሩ ውጭ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ ወላጆች ይሰማሉ፤ ዘጠና ብናኝ የተገኘበት መምህር በማግስቱ ገበያ መውጣት ያፍራል።

ሕጉ ስለ ጠባይም ይናገራል። መምህር ክፍል ውስጥ አይስቅም፤ ሲስቅ ኮሌታው ይጨማደዳልና። ወደ ተማሪ ደብተርም አያጎነብስም፤ ሲያጎነብስ ጋዋኑ ወገቡ ላይ ይተጣጠፋልና። ጥያቄ ያለው ልጅ ደብተሩን ፊቱ ድረስ ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ መምህሩም ቀጥ ብሎ እንደቆመ ከሩቅ ይመለከተዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጽሕፈቱ አይነበብም ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ከሁሉ ያነሰ ብናኝ የተቆጠረበት ቀዳሚ ጋዋን ይባላል። ሰባት ዓመት ተከታትሎ ቀዳሚ ጋዋን የሆነ ደግሞ ርዕሰ መምህር ይሆናል፤ ከዚህ ሌላ ርዕሰ መምህር የሚኮንበት መንገድ የለም። እኔ ስድስቱን ዓመት ጨርሼ ነበር። ሰባተኛው ሲጀምር አሮጌው ርዕሰ መምህር ጡረታ ሊወጡ ዕቃቸውን መሸካከፍ ይዘዋል፤ እኔም በቢሯቸው በር ባለፍኩ ቁጥር ወንበራቸውን በዓይኔ እለካው ነበር።

ስድስቱን ዓመት በዋዛ አላገኘሁትም። በመጀመሪያው ዓመት ጠመኔውን በረጅም ሸምበቆ ጫፍ አስሬ ከሰሌዳው ሁለት ክንድ ርቄ ጻፍኩ። በሁለተኛው ልጆቹን አጻፍኳቸው፤ ነገር ግን እነሱ ሲጽፉ ብናኙ ወደ እኔ ይነፍስ ነበር። በሦስተኛው ጠመኔ የሚባል ነገር ከክፍሌ አስወጣሁ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ መሃል ቆሜ "ሰሌዳው ላይ ሦስት ማዕዘን አለ ብላችሁ አስቡ" እላለሁ፣ ልጆቹም ያስባሉ። ፈተና ላይ ሦስት ማዕዘን ሣሉ ሲባሉ "አስበነዋል" ብለው ጻፉ። ልክ ነው ብዬ አረምኩላቸው፤ ምን ላድርግ፣ ያስተማርኳቸው እሱን ነው።

በሰባተኛው ዓመት መምህርት አስካለ ከሌላ ከተማ ተዛውራ መጣች። ቀጠን ያለች፣ እርምጃዋ ፈጣን የሆነ ሴት ናት፤ እሷም እንደኔ ሒሳብ አስተማሪ ነበረች። ከእኔ ክፍል አጠገብ ያለውን ክፍል ሰጧት፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠመኔዋ ሰሌዳው ላይ ሲንኳኳ ከጠዋት እስከ ማታ ሰማሁ። ምስኪን፣ ሕጉን የነገራት የለም ብዬ አዘንኩላት። እውነቱን ለመናገር ደስም ብሎኝ ነበር።

ደወሉ ተደውሎ ስንሰለፍ ሹሙ አጉሊ መነጽሩን ይዞ እሷ ዘንድ ደረሰ። ፊቷን አየ፣ ጀርባዋን አየ፣ እጅጌዋን ገልብጦ አየ፣ መነጽሩን በመሐረብ ጠርጎ እንደገና አየ። ከዚያ "ምንም" አለ። ከአጥሩ ውጭ አጨበጨቡ። ቀጥሎ ወደ እኔ መጣና "ሁለት" አለ። ጠመኔ ካየሁ አራት ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ፤ ሁለቱ ከየት እንደመጡ እሱ አንድዬ ይወቀው።

በማግስቱም ምንም ተባለላት፣ በሠልስቱም። ወር አልፎ ወር ሲተካም ቀን ሳይዛነፍ ምንም ተባለላት፤ ግድግዳው ደግሞ ኳ ኳ ማለቱን አልተወም። የልጆቿም ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ እየተሻሙ ይመልሳሉ፣ ይከራከራሉ፣ አንዳንዴም ይስቃሉ። የእኔዎቹ ጸጥ ብለው ያስባሉ። እኔም ቆሜ እቀናለሁ። ዛሬ ነው እቀናለሁ የምለው፤ ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ ስለ አገሪቱ ትምህርት ተጨንቄ ነው እላችሁ ነበር።

ባለቤቴ ዘርትሁን ግን አልተሸወደችም። ጋዋኔን በየጠዋቱ በከሰል ካውያ የምትተኩስልኝ እሷ ናት። አንድ ቀን ካውያውን አስቀመጠችና ሴትየዋ ካስተማረችም ካልቆሸሸችም ሄደህ ዘዴዋን መጠየቅ ነው እንጂ ምን ያብከነክንሃል አለችኝ። በሰው ቀንቼ አላውቅም ብዬ ተቆጣሁ። ዘርትሁን ኮሌታውን ደግማ መተኮስ ጀመረች።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔም ልጆቼ አንድ ትልቅ ክብ እንዲያስቡ አዝዤ በጓሮ በኩል ዞርኩ። በእሷ ክፍል መስኮት ላይ አንዱ መስታወት ተሰብሮ በካርቶን ተደፍኗል፤ ካርቶኑ ደግሞ ቀዳዳ ነበረው። ዓይኔን አስጠጋሁ። ጋዋኑ ሰሌዳው አጠገብ በምስማር ተሰቅሎ፣ ቁልፎቹ እስከ ላይ ተቆልፈው፣ ንጹሕ ሆኖ ቆሟል። እሷ ግን ክርኑ ያለቀ ቡናማ ሹራብ ለብሳለች፤ እጅጌዋን ሰብስባ፣ እስከ ክርኗ ነጭ ሆና፣ ፀጉሯ ሳይቀር ዱቄት መስሎ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞልታዋለች።

እንደያዝኳት ሳውቅ ልቤ በደስታ ዘለለ። ወዲያው ግን ወደ አንድ ልጅ ደብተር አጎነበሰች። አጎንብሳ በጣቷ አንድ ነገር አሳየችው። ልጁ ቀና ብሎ ፊቷን አየ፣ ከዚያ "ገባኝ" አለ። በሃያ ሁለት ዓመት የማስተማር ዘመኔ ይህቺን ቃል የነገረኝ ልጅ አልነበረም፤ ወይም ደብተሩ ከፍ ብሎ ፊቱን ስለሚሸፍነው አልሰማሁትም። ዓይኔን ከቀዳዳው ማንሳት አቃተኝ። ከደወሉ በፊት በሳፋ ታጥባ፣ ፀጉሯን አራግፋ፣ ጋዋኗን ለብሳ እስክትወጣ ድረስ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ መንገድ ላይ ጠብቄ አየሁሽ አልኳት። አልደነገጠችም።

"መምህር ጓንጉል፣ ጋዋኑን ካላቆሸሽኩት ምን አጠፋሁ? ሕጉ ጋዋኑ ይንጻ አለ እንጂ የት ይሰቀል አላለም" አለችኝ። ቀጥላም "ከፈለጉ ትርፍ ምስማር አለኝ፣ ላምጣልዎት" አለች።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለስድስት ዓመት ቀዳሚ ጋዋን ምስማር ይሰጠዋል? ዘወር ብዬ ስሄድ ከኋላዬ ሳቅ ብላ "ምቀኛ አያሳጣኝ" ስትል ሰማኋት። ቤቴ ገብቼ ወረቀት አወጣሁ።

ከጻፍኩት ሁሉ እንደዚያ አቤቱታ የተዋጣልኝ የለም። ጥፋቷ እንዲከብድ ብዬ ነገሩን ዘርዘር አደረግሁት። ባዶ ጋዋን ዓመቱን ሙሉ መምህር ሳይገባበት ክፍል ፊት ተሰቅሎ እንደሚውል ጻፍኩ። ሳይስቅ፣ ሳያጎነብስ፣ ሳይጨማደድ፣ አንድም ብናኝ ሳይነካው ከጠዋት እስከ ማታ ቀጥ ብሎ እንደሚቆም፤ መምህርቷ ግን ከእሱ ተለይታ እንደ ወፍጮ ቤት ሰው ነጭ ሆና እንደምትውል ጻፍኩ። ለዘርትሁን ሳነብላት "ሴትየዋን ነው ጋዋኑን ያወደስከው?" አለችኝ። አልገባሽም አልኳት።

የገጽታ ሹሙ ግን ዘርትሁን እንደገባት ገባው። ሦስት ቀን ተከታትሎ አስካለ ክፍል መጣ፤ እሷን ወደ ጓሮ አስወጥቶ ልጆቹን በጸጥታ አስቀመጠና ከጋዋኑ ፊት ወንበር ይዞ ተቀመጠ። ጠዋት አየው፣ ከምሳ በኋላ አየው። በሦስተኛው ቀን መዝገቡ ላይ የጻፈውን መምህራኑን ሰብስቦ አነበበልን። በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ጠባይ አይቶ አያውቅም። ጋዋኑ አልሳቀም፤ አላጎነበሰም፤ ሰዓት አላረፈደም፤ በተማሪ ላይ ድምፁን ከፍ አላደረገም። የብናኙ ምንጭ ሁሉ ጋዋኑ ውስጥ የሚገባው ሰው መሆኑ ተረጋግጧል። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ጋዋኖች በየክፍላቸው ተሰቅለው እንዲያስተምሩ፣ መምህራን ደግሞ ከክፍል ውጭ እንዲቆዩ ታዟል። በመጨረሻም ይህን እውነት ላወጣው ለመምህር ጓንጉል ምስጋና ይገባዋል አለ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ያየኝን ሰው ፊት ባልገልጸው ይሻላል።

"ሳይቸግር ጤፍ ብድር" አለችኝ ዘርትሁን የዚያን ዕለት። እኔ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። የዓመቱ መጨረሻ ቀርቦ ነበር፤ የሚበልጠኝ የአስካለ ባዶ ቁጥር ብቻ ነው። ሹሙ ደግሞ ብናኝ የመምህሩ ጥፋት ስለሆነ ከጋዋኑ ስም ይሰረዝ ብሎ ፈረደ፤ የእኔም የእሷም፣ የሁሉም ባዶ ሆነ። ስለዚህ ቀዳሚው በአቋም እንዲለይ ተወሰነ። የእሷ ጋዋን ሰሞኑን አንድ ቁልፍ ወድቆበታል። የእኔ ግን የዘርትሁን ካውያ ያለፈበት ነው፤ ኮሌታው ወረቀት ይቆርጣል። ያን ጊዜ እንደገና በርዕሰ መምህሩ በር ማለፍ ጀመርኩ።

በበዓሉ ቀን ሁላችንም ያለ ጋዋን፣ በየሸሚዛችን ሜዳው ዳር ቆምን። ጋዋኖቹ መሃል ላይ በገመድ ተሰቅለው ነበር። ሹሙ ወረቀቱን ዘርግቶ ሰባት ዓመት ሳያቋርጥ ቀዳሚ፣ የመምህር ጓንጉል ጋዋን ብሎ ጠራ። ወላጆች እልል አሉ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ከሰልፉ ወጥቼ ወደ ፊት ተራመድኩ። መሃል ስደርስ ሹሙ በእጁ ገታኝ።

"አንተን አይደለም" አለኝ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። "እሳቸውን ነው።"

ሁለት ሰዎች ጋዋኔን ከገመዱ አውርደው፣ እንዳይጨማደድ ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ቢሮው ወሰዱት። ሰባቱን ዓመት የኖርኩት እኔ ነኝ ብዬ ተከራከርኩ። ሹሙ መዝገቡን አሳየኝ፤ በየዓመቱ የተጻፈው "ቀዳሚ ጋዋን" ነው እንጂ ቀዳሚ ሰው የሚል የለም። አሮጌው ርዕሰ መምህር ወንበሩን በእጃቸው ጠርገው ለጋዋኑ ለቀቁ። እኔንም ሜዳ ላይ አልጣሉኝም። አዲሱን ርዕሰ መምህር ጠዋትና ማታ የሚያራግፍ ሰው ያስፈልግ ነበርና፣ ጠባያቸውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ተብዬ አራጋፊ ሆኜ ተሾምኩ።

አዲሱ ዓመት ሲጀምር ትምህርት ቤቱ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም ነበር። ሹሙም ሥራው ቀለለለት። ጋዋን ያለበት ክፍል ሁሉ ትምህርት እየተሰጠበት እንደሆነ ይቆጠራል፤ የተማሪ ቁጥር የሚጠይቅ ሕግ ደግሞ የለም። ልጆቹ ይህን ከእኛ ቀድመው ተረዱ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት እየሆኑ ወጡ፣ ከዚያ በአሥር በአሥር። በሁለተኛው ወር የማራገፊያ ብሩሼን ይዤ በኮሪደሩ ሳልፍ በየክፍሉ ከጋዋንና ከወንበር በቀር የሚታይ አልነበረም። የት እንደሄዱ ማወቅ ነበረብኝ።

ያገኘኋቸው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አሮጌው የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። መምህርት አስካለ ያቺን ቡናማ ሹራብ ለብሳ በከሰል ግድግዳው ላይ ትጽፋለች። እህል ሊያስፈጩ የመጡ እናቶች ሳይቀሩ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። የእሷ ልጆች ብቻ ቢሆኑ ምንም ባላልኩ። የእኔዎቹም እዚያ ነበሩ፤ በፊተኛው ረድፍ። ከእነሱ አንዷ፣ ሦስት ዓመት ያስተማርኳት ልጅ፣ እጇን አወጣችና "መምህርት፣ ሦስት ማዕዘን ሣዪልን። እስካሁን ስናስበው ነው የኖርነው" አለች።

አስካለ ልትስል ከሰሉን አንስታ ነበር፤ በሩ ላይ ስታየኝ ግን እጇን መለሰች። ልጆቹም ዞሩ። ማንም አላወቀኝም፤ ያለ ጋዋን ልብ ብለው አይተውኝ አያውቁማ።

"መምህር ጓንጉል፣ ይግቡ" አለችኝ። ከሰሉን ዘረጋችልኝ። "ሦስት ማዕዘኑን እርስዎ ያሳዩዋቸው። ልጆቹ የእርስዎ ናቸው።"

ልጅቷ ከግድግዳው አጠገብ ገለል ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ልቤ ሊገባ ፈልጎ እንደነበር አልክድም። እጄን እንኳ ዘርግቼ ነበር። ግን ከሰሉን የምቀበለው ከማን ነው? ከእሷ። ልጆቹ የሚያመሰግኑት ማንን ነው? የጠራችኝን። እኔ ስዬ እንኳ ሥዕሉ የእሷ ሊሆን ነው። ይህን ሳስብ የተዘረጋውን እጄን መልሼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ሥራ አለብኝ አልኳትና ወጣሁ። ስወጣ ከሰሉ ግድግዳው ላይ ሲያጭር ሰማሁ፤ ልጆቹ "አሃ" አሉ፣ ሁሉም ባንድ ላይ።

ከዚያ ቀጥታ የሄድኩት ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነው። ጸሐፊው ለአቤቱታ ነው ወይስ ለማራገፍ ብሎ ጠየቀኝ። ለአቤቱታ ነው አልኩት። ከጠረጴዛው ፊት አቆመኝና መዝገቡን ከፈተ። ጋዋኔ ከወንበሩ ጀርባ በመስቀያ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ሰባት ዓመት በትከሻዬ ተሸክሜው ኖሬ እንዲህ ፊት ለፊት ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ግርማው አስፈራኝ።

ሁሉንም ተናገርኩ። መምህርት አስካለ ያለ ጋዋን እንደምታስተምር፣ በከሰል እንደምትጽፍ፣ እንደምታጎነብስ፣ እንደምትስቅ፣ ተማሪዎቹን ሁሉ እንደወሰደች፣ የእኔንም ጭምር እንደወሰደች። የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ደገምኩት። መጋዘኑ እንዲዘጋ፣ እሷም ከከተማዋ እንድትወጣ ለመንኩ። ከዚያ መልስ ጠበቅን። ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ጋዋኑን አየ፣ እኔም አየሁት። ረጅም ጊዜ ጠበቅን።

በመጨረሻ ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ነከረና እየጻፈ አነበበልኝ።

"ርዕሰ መምህሩ አቤቱታውን ሰምተው ዝም ብለዋል። ዝምታ ፈቃድ ስለሆነ፣ መምህርት አስካለ በያዘችው ሥራ እንድትቀጥል ተፈቅዷል።"

እንዴት? አልኩ። ደግሜ ልናገር፣ ምናልባት አልሰሙ ይሆናል አልኩ። ጸሐፊው ርዕሰ መምህሩ ውሳኔያቸውን ቀይረው እንደማያውቁ ነገረኝና መዝገቡን ዘጋ። በሕይወቴ በብዙ ሰው ቀንቻለሁ፤ አሁን አልደብቀውም። ነገር ግን የገዛ ጋዋኔ ለእሷ ሲፈርድላት እንደዚያች ሰዓት የመረረኝ የለም። ያቺን መጋዘንና ያቺን የተዘረጋች ከሰል እያሰብኩ ወደ በሩ ዞርኩ።

"ቆይ እንጂ" አለኝ ጸሐፊው። "ከመውጣትህ በፊት ትከሻቸውን አራግፍላቸው።"

ተመልሼ ብሩሼን አወጣሁ። ትከሻቸው ላይ ምንም አልነበረም። አራገፍኩላቸው።